ባትሪ እየረከሰ ነው፣ ታዲያ የጋዝ ጣቢያዎቹ ለምን አይዘጉም?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው፦ «ሶላር ከሁሉም ርካሽ ሆኗል ይባላል፣ ባትሪም በየአመቱ ዋጋው እየወረደ ነው። ታዲያ ግዙፍ ባትሪ ሰርቶ የቀኑን ለማታ፣ የበጋውን ለክረምት አስቀምጦ የጋዝና የድንጋይ ከሰል ጣቢያዎችን መዝጋት ምን ይከብዳል? የጎደለው ቴክኖሎጂው ነው ወይስ ፍላጎቱ? ደሞ ያ የኮንክሪት ብሎክ እያነሳ የሚያወርደው ማከማቻ ቪዲዮ እውነት ነው?»

ሰላም ወንድሜ። እኔ የሃይል ሲስተም ኢንጂነር ነኝ፣ ማከማቻዎች ከግሪድ (ከመብራት መስመሩ መረብ) ጋር ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር ማስላት ነው የቀን ተቀን ስራዬ፣ ስለዚህ ትንሽ ላስረዝመው ነውና ታገሰኝ። አመቶቹን በፈረንጆቹ ነው ምጽፈው።

ሲጀመር «የቀኑን ለማታ» እና «የበጋውን ለክረምት» ብለህ በአንድ ትንፋሽ የጠራሃቸው ሁለቱ ነገሮች ጭራሽ አይገናኙም። የመጀመሪያው ባብዛኛው ተፈቷል፣ ገንዘብና ጊዜ ብቻ ነው ሚፈልገው። ሁለተኛው ግን አልተፈታም፣ ያልተፈታበት ምክንያት ደሞ ሰው ሚያስበው አይደለም። ወደሱ ቀስ ብለን እንመጣለን።

መጀመሪያ ዜና ላይ ሁሌ ሚምታታውን ነገር እናጥራ። «100 ሜጋዋት ባትሪ ተመረቀ» ሲሉህ ገና ግማሹን ነው የነገሩህ። ሜጋዋት በአንድ ቅጽበት ምን ያህል መልቀቅ ይችላል ነው፣ ሜጋዋት ሰአት ደሞ በጠቅላላው ምን ያህል ይዟል። በ2017 ደቡብ አውስትራሊያ ሆርንስዴል ላይ የተተከለውና ያኔ በአለም ትልቁ የሊቲየም ባትሪ የተባለው 100 ሜጋዋት በ129 ሜጋዋት ሰአት ነበር። በሙሉ አቅሙ ከለቀቅከው ከአንድ ሰአት ከሩብ ትንሽ አለፍ ብሎ ባዶ ነው። ሰው «ከተማ ያበራል» እያለ ሲያወራለት እሱ ገንዘቡን ይሰራ የነበረው በዋናነት የግሪዱን ፍሪኩዌንሲ (የመብራቱ ሞገድ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ) በሰከንድ ክፍልፋይ እያስተካከለ ነው፣ በዛ ስራ ደሞ የሚደርስበት አልነበረም፣ የጋዝ ተርባይን ነቅቶ እስኪንቀሳቀስ ይሄ ስራውን ጨርሶ ያርፋል። ሌሊቱን ሙሉ ማብራት ግን መቼም ስራው ሆኖ አያውቅም።

ከዛ ወዲህ የመጡት ትልልቆቹ ባትሪዎች ባብዛኛው ባለ 2 ወይ ባለ 4 ሰአት ናቸው። ካሊፎርኒያን ብታይ ቀን ቀን በሶላር ይጥለቀለቃሉ፣ አመሻሽ ላይ ሰው ቤቱ ገብቶ ማብሰያውንም ኤሲውንም ሲከፍት ሶላሩ ደሞ በዛችው ሰአት ቁልቁል ይወርዳል፣ ያቺን ጉድጓድ ነው ባትሪ ሚሞላው። በኤፕሪል 2024 አንድ ምሽት ላይ ባትሪዎቹ ለአጭር ጊዜም ቢሆን ጋዙንም ውሃውንም በልጠው የግሪዱ ቀዳሚ ምንጭ ሆነው ነበር፣ ከ6,000 ሜጋዋት በላይ እየለቀቁ። ይሄን ከአስር አመት በፊት ብትናገር የሚሰማህ አታገኝም። ለምን 4 ሰአት ካልክ ደሞ ከፊዚክስ የመጣ እንዳይመስልህ፣ የዛ ግዛት ደንብ ማከማቻን እንደ አስተማማኝ አቅም ሲቆጥር ለ4 ተከታታይ ሰአት ሳያቋርጥ መስጠት የሚችለውን ያህል ብቻ ነበር ሲቆጥርለት የኖረው። ስለዚህ ሁሉም 4 ላይ ቆመ። አምስተኛዋ ሰአት ወጪ ነበራት፣ ያን የሚያህል ገቢ ግን አልነበራትም።

አሁን ወደ ዋናው። ማከማቻ ርካሽ ነው ውድ ነው የሚለውን የሚወስነው የተገዛበት ዋጋ ብቻ አይደለም፣ በአመት ስንት ጊዜ ሞልቶ ይራገፋል የሚለው ነው። ቀኑን ሙሉ ስትመላለስ የምትውል ሚኒባስና በአመት አንዴ ብቻ ከግቢ የምትወጣ ሚኒባስ የተገዙበት ዋጋ እኩል ሊሆን ይችላል፣ ለአንድ ተሳፋሪ የሚደርሰው ወጪ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። እስቲ በቁጥር እንየው፣ ለስሌት እንዲመቸን አንድ ኪሎዋት ሰአት የሚይዝ ማከማቻ ሁሉ ነገሩ ተሟልቶ ተተክሎ 200 ዶላር ፈጀ እንበል፣ 15 አመት ይሰራል እንበል፣ ወለዱንም ብክነቱንም እርጅናውንም ለጊዜው እንርሳው። በአመት 350 ጊዜ ከሰራ በእድሜው 5,250 ጊዜ ይራገፋል፣ 200ን ለዛ ስታካፍለው ለአንድ ኪሎዋት ሰአት 4 ሳንቲም እንኳ አይሞላም፣ በጣም አሪፍ ነው። በሳምንት አንዴ ከሰራ 780 ጊዜ፣ ወደ 26 ሳንቲም ገባ ማለት ነው። በአመት 5 ጊዜ ብቻ ለክፉ ቀን የሚወጣ ከሆነ 2 ዶላር ከ67። የበጋውን ይዞ ክረምት ላይ አንዴ የሚራገፍ ከሆነ ደሞ 15 ጊዜ ብቻ፣ ከ13 ዶላር በላይ ለአንድ ኪሎዋት ሰአት! ያው ባትሪ ነው፣ ያው ኮንቴይነር፣ የተቀየረው ስራው ብቻ ነው። የባትሪው ዋጋ በግማሽ ቢወርድ እንኳ 6 ዶላር ከምናምን ነው፣ እሱንም ማንም አይከፍልም።

ለዚህ ነው «ባትሪ እየረከሰ ነው» የሚለው ዜና እውነት ሆኖ ሳለ ጥያቄህን ማይመልሰው። መርከሱ የማታውን ችግር ይፈታል፣ የወቅቱን አይነካውም።

መጠኑንም እናስበው። አማካይ ፍላጎቱ 10,000 ሜጋዋት የሆነ አንድ ግሪድ እንውሰድ፣ መካከለኛ የሚባል ነው። አንድ ሙሉ ቀን ለመሸፈን 240 ጊጋዋት ሰአት ይፈልጋል (አንድ ጊጋ 1,000 ሜጋ ነው)። አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው የባዝ ካውንቲ የውሃ ማከማቻ፣ ከ1985 ጀምሮ ለአስርት አመታት በአለም ትልቁ የነበረው ማለት ነው፣ 24 ጊጋዋት ሰአት ነው ሚይዘው። አስር ባዝ ካውንቲ ለአንድ ቀን። ነፋሱም ጸሃዩም አንድ ሳምንት ጠፍተው ቢከርሙ ሰባ። በኛ 200 ዶላር ካሰላኸው ሳምንቱን በባትሪ ብቻ መሸፈን 336 ቢሊዮን ዶላር ነው፣ ይሄ ደሞ የሚሰራው በአመት አንድ ሁለቴ ነው። «ነፋስና ጸሃይ አብረው ይጠፋሉ እንዴ?» እንዳትለኝ፣ ይጠፋሉ። በኖቬምበርና በዲሴምበር 2024 ጀርመን ላይ ደመናውም የነፋሱ ዝምታም አንድ ላይ ወርዶ ዲሴምበር 12 ላይ በቀጣይ ቀን ገበያው (የነገው መብራት ዛሬ በሚሸጥበት) የአንድ ሜጋዋት ሰአት ዋጋ በአንዷ ሰአት ከ900 ዩሮ አልፎ ነበር። እንዲህ አይነት ቀን ሲመጣ ባለ 4 ሰአት ባትሪ 4 ሰአት ሰርቶ ከዛ መሙያ አጥቶ ቁጭ ይላል።

ሌላ ብዙ ሰው ማያየው ነገር አለ። ማከማቻ የሚኖረው በዋጋ ልዩነት ነው፣ ቀን በርካሽ ገዝቶ ማታ በውድ ይሸጣል። ግን ባትሪ በበዛ ቁጥር ሁሉም ቀን ላይ ሲገዛ የቀኑ ዋጋ ከፍ ይላል፣ ሁሉም ማታ ሲሸጥ የማታው ይወርዳል፣ የሚኖርበትን ልዩነት ራሱ ይበላዋል። የፍሪኩዌንሲ አገልግሎቱ ገበያ ደሞ ጠባብ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ባትሪዎች ጥሩ ያፍሱበታል፣ ከኋላ የመጡት የተረፈውን ይካፈላሉ። ባንክ ጋ ብድር ስትጠይቅ እነሱም ይሄን ያውቃሉ፣ «ከአምስት አመት በኋላ አጠገብህ ስንት ባትሪ ይኖራል?» ይሉሃል፣ መልስ የለህም።

እሺ ባትሪውን ራሱን ጠጋ ብለን እንየው፣ እዚህ ጋር ሰው ስልኩን እያሰበ ስለሚያወራ ነው። ዋጋው መውረዱ እውነት ነው፣ በ2010 አንድ ኪሎዋት ሰአት የሊቲየም ፓክ (ሴል የሚባሉት ትንንሽ ባትሪዎች ተደርድረው የታሸጉበት) ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር፣ በ2024 አማካዩ 115 አካባቢ ደርሷል። ግን ፓክ ብቻውን ጣቢያ አይሆንም፣ የባትሪውን ቀጥታ ከረንት ወደ ግሪዱ ተለዋዋጭ ከረንት የሚቀይር ኢንቨርተር አለ፣ ማቀዝቀዣ አለ፣ የእሳት መከላከያ፣ የኮንክሪት መሰረት፣ ኬብል፣ ከግሪዱ ጋር ማገናኛ ሰብስቴሽን፣ እነዚህ ደሞ እንደ ሴሉ በየአመቱ አይረክሱም። ትራንስፎርመር ጭራሽ ተወዷል፣ ታዞ እስኪመጣ ከአመት በላይ የሚፈጅበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ባትሪው ሳይት ላይ ደርሶ ትራንስፎርመር ሲጠብቅ የሚከርም ፕሮጀክት እንግዳ ነገር አይደለም።

አሁን የሚሸጠው መደበኛ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ወደ 5 ሜጋዋት ሰአት ይይዛል። ውስጡ ያሉት ሴሎች የሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባሉት ናቸው፣ አንዷ ሴል 3.2 ቮልትና 314 አምፒር ሰአት፣ ስታባዛው አንድ ኪሎዋት ሰአት ገደማ ነው። ስለዚህ አንዱ ኮንቴይነር ውስጥ ወደ 5,000 ሴል ተደርድሯል፣ 1,000 ሜጋዋት ለ4 ሰአት ከፈለግክ 800 ኮንቴይነር፣ 4 ሚሊዮን ሴል። እነዚህ ሴሎች በተከታታይ ነው ሚያያዙት፣ ስለዚህ ከመደዳው አንዷ ደከም ያለች ሴል ቀድማ ባዶ ስትሆን ሌሎቹ ገና ሃይል እያላቸው መደዳው በሙሉ ይቆማል። ዋናው ራስ ምታት ደሞ የቀረውን ማወቅ ነው። የዚህ አይነት ሴል ቮልቴጅ ከ80 በመቶ እስከ 20 በመቶ ድረስ ምንም ያህል አይንቀሳቀስም፣ ጠፍጣፋ ነው፣ ስለዚህ ቮልቴጁን አይተህ ምን ያህል እንደቀረ መናገር አትችልም፣ ሲስተሙ የገባና የወጣውን አምፒር እየቆጠረ ነው ሚገምተው። ቆጠራው ደሞ ቀስ በቀስ ይንሸራተታል። ስክሪኑ ላይ 30 በመቶ ይልና ድንገት 12 ላይ ይወርዳል፣ ኦፕሬተሩ ያንን 18 በመቶ ለምሽቱ ሸጦታል እንግዲህ፣ ቅጣቱን ማን ይከፍላል? ለዚህ ነው አልፎ አልፎ ሙሉ ለሙሉ ሞልተህ ቁጥሩን ማስተካከል ያለብህ፣ በዛ ሰአት ደሞ ገበያ ላይ የለህም።

እርጅናውም አለ። ባትሪ ብትጠቀምበትም ያረጃል ብታስቀምጠውም ያረጃል፣ በተለይ ሙቀት ላይ ሞልቶ ተቀምጦ ከሆነ። ስለዚህ «ለክፉ ቀን ሞልቼ ላስቀምጠው» የምትለው አጠቃቀም ባትሪው በጣም የሚጠላው ነው። ገንቢዎቹ ገና ሲጀምሩ ትርፍ አቅም ይተክላሉ ወይ በየጥቂት አመቱ አዲስ ኮንቴይነር ይጨምራሉ፣ አዲሱን ከአሮጌው ጋር ማስማማት ራሱን የቻለ ስራ ነው። ማቀዝቀዣው ደሞ ባትሪው ስራ ፈቶ በተቀመጠበትም ሰአት ይበላል።

እሳት ጋር እንምጣ፣ ምክንያቱም ህዝብ የሚፈራው እሱን ነው፣ በከፊል ልክ ነው። ሴል ውስጡ ሲጎዳ ወይ ከልክ በላይ ሲሞቅ ራሱን በራሱ እያሞቀ የሚሄድበት ደረጃ ላይ ይደርሳል፣ ከዛ በኋላ ማቆም አይቻልም፣ ሙቀቱን ለጎረቤቱ ያስተላልፋል፣ ተቀጣጣይ ጋዝም ያወጣል። በ2019 አሪዞና ውስጥ ማክሚከን የሚባለው ጣቢያ ላይ የሆነው እሱ ነው፣ ጋዙ ታፍኖ ቆይቶ የእሳት አደጋ ሰራተኞች በሩን ሲከፍቱ ፈነዳ፣ ተጎዱ። በጃንዋሪ 2025 ደሞ ካሊፎርኒያ ሞስ ላንዲንግ ላይ በአሮጌ የተርባይን አዳራሽ ውስጥ የተደረደረ 300 ሜጋዋት ባትሪ ተቃጠለ፣ የአካባቢው ሰዎች ከቤታቸው እንዲወጡ ተደረገ፣ መንገድ ተዘጋ፣ እሳቱን ለማጥፋት ከመታገል ይልቅ ነዶ እስኪያልቅ ነው የተጠበቀው። ግን ልብ በል፣ እዛው ሞስ ላንዲንግ ውስጥ ከጎኑ ያለ ሌላ ጣቢያ ላይ በሴፕቴምበር 2022 እሳት ተነስቶ ነበር፣ እዛ ባትሪዎቹ ውጭ ሜዳ ላይ ተራርቀው ስለተቀመጡ የተቃጠለው አንድ ክፍል ብቻ ነው። ኬሚስትሪውም ለውጥ አለው፣ የአዳራሹ ኒኬልና ኮባልት ያለበት አይነት ነበር፣ ሃይል በትንሽ ቦታ ይይዛል ግን ቶሎ ይቆጣል፣ አሁን ለጣቢያ ሚገዛው ፎስፌቱ የበለጠ ታጋሽ ነው። እኔን ከጠየቅከኝ ባትሪን ህንጻ ውስጥ ማጨቅ ድሮም መሆን ያልነበረበት ነገር ነው። ይሄ ማለት ግን ቦታ ይፈልጋል፣ ርቀት ይፈልጋል፣ ኢንሹራንሱም ይወደዳል፣ ሰፈሩም «እኛ ጋ አይሆንም» ይላል።

ባትሪ ካልሆነ ውሃ። በሃይል መጠን ሲለካ እስካሁን በአለም ላይ ትልቁ ማከማቻ ከታች ወደ ላይ የሚገፋ ውሃ ነው፣ ሃይል ሲተርፍ በፓምፕ ወደ ላይኛው ገንዳ ትገፋዋለህ፣ ሲያስፈልግ በተርባይን ትለቀዋለህ፣ ከገባው ከ70 እስከ 80 በመቶ ይመለሳል፣ እድሜው ደሞ አስርት አመታት ነው። ዌልስ ውስጥ ዲኖርዊግ ከ1984 ጀምሮ በተራራ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ በሰከንዶች ውስጥ ከ1,000 ሜጋዋት በላይ ይለቃል። ችግሩ ተራራው ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ 367 ሜትር ከፍ ብሎ አንድ ኪሎዋት ሰአት ብቻ ነው ሚይዘው፣ የተርባይኑ ብክነት ሳይቀነስ። ስለዚህ ሁለት ትልልቅ ገንዳ፣ በመካከላቸው ብዙ ከፍታ ግን ብዙ ርቀት ሳይኖር፣ ጠንካራ አለት፣ ውሃ፣ የማስተላለፊያ መስመር ቅርብ፣ ይሄ ሁሉ አንድ ቦታ መገጣጠም አለበት። ከተገጣጠመም በኋላ መሬቱ ውስጥ ምን እንዳለ ቆፍረህ ነው ምታውቀው። የአውስትራሊያው ስኖዊ 2.0 በ2017 ይፋ ሲደረግ 2 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ይፈጃል ተባለ፣ በ2023 ግምቱ 12 ቢሊዮን ደረሰ። ከመቆፈሪያ ማሽኖቹ አንዷ ለስላሳ አፈር ውስጥ ገብታ ከላይዋ መሬቱ ሰረጎደ፣ ለወራት ቆማ ቀረች። ቢሆንም ሲያልቅ 350 ጊጋዋት ሰአት ይይዛል፣ ያ ማለት ከላይ ካየነው ባዝ ካውንቲ ከ14 እጥፍ በላይ ነው፣ በባትሪ እሱን ልስራ ብትል የኛው ሂሳብ 70 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያመጣልሃል። ስለዚህ በዛ ፕሮጀክት የሚስቁትን ሰዎች እኔ ብዙም አልስማማባቸውም። ውሃም አደጋ የለውም እንዳይመስልህ ደሞ፣ በ2005 ሚዙሪ ውስጥ ታውም ሳውክ ላይ የውሃ ከፍታ መለኪያዎቹ የተሳሳተ ንባብ እየሰጡ ፓምፑ ገንዳው ሞልቶም መግፋቱን ቀጠለ፣ ውሃው ግድቡን አልፎ ፈሰሰ፣ ግድቡ ተናደ፣ ከስር ያለውን ጫካ ጠርጎ ወሰደው።

ለወቅቱ ችግር ብዙ ሰው ተስፋ የጣለው ሃይድሮጅን ላይ ነው፣ ምክንያቱም እዛ የሃይሉ መያዣ ጉድጓድ ነው፣ ጉድጓድ ደሞ ርካሽ ነው። የጨው ክምችት ያለበትን መሬት በውሃ እያሟሟህ ትቦረቡረዋለህ፣ ሃይድሮጅኑን ትጠቀጥቀዋለህ፣ ለወራት ይቀመጣል። አዲስ ነገር አይደለም፣ እንግሊዝ ውስጥ ቲሳይድ ላይ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ለኬሚካል ፋብሪካ ሃይድሮጅን በጨው ዋሻ ይቀመጣል። አሜሪካ ዩታ ውስጥ ዴልታ አካባቢ ደሞ ሁለት ዋሻ ተቦርቡሮ በጠቅላላው 300 ጊጋዋት ሰአት የሚሆን ሃይድሮጅን እንዲይዝ ነው የታሰበው። ግን መንገዱን አብረን እንሂድ፦ 100 ኪሎዋት ሰአት መብራት ኤሌክትሮላይዘር (ውሃን በመብራት ከፍሎ ሃይድሮጅን የሚያወጣ ማሽን) ውስጥ አስገባህ፣ ሃይድሮጅን ሆኖ 65 ገደማ ወጣ። እሱን ለመጨመቅ ደሞ ትንሽ ሄደ፣ 60 በል። መልሰህ በተርባይን ወይ በፊውል ሴል (ሃይድሮጅኑን ሳያቃጥል መብራት በሚያወጣ ማሽን) መብራት ስታደርገው ግማሹ ሙቀት ሆኖ ይሄዳል፣ 30 ወይ 35 በእጅህ ቀረ። ባትሪ ቢሆን ኖሮ ከ85 በላይ ትመልስ ነበር። እና ሁለት ሶስተኛውን ለመጣል ሶስት የተለያየ ውድ ማሽን ገዝተሃል፣ ኤሌክትሮላይዘሩ ደሞ በዛ «ትርፍ ሃይል ሲኖር ብቻ» በሚለው ሰአት ብቻ ነው ሚሰራው፣ በአመት ለጥቂት ሰአታት። ማለትም ያው የሚኒባሷ በሽታ እዚህም አለ፣ ከጉድጓዱ ወደ ማሽኖቹ ተዛወረ እንጂ። ቢሆንም ለሳምንታትና ለወራት ከሆነ ከሊቲየም የተሻለ እድል ያለው ይሄ ነው ባይ ነኝ፣ ብክነቱ ለክፉ ቀን ሲሆን ይቻላል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበልልህ። የታመቀ አየር አለ፣ ጀርመን ሁንቶርፍ ላይ ከ1978፣ አላባማ ማኪንቶሽ ላይ ከ1991 ጀምሮ ይሰራል፣ ግን ሁለቱም አየሩን ሲለቁት ለማሞቅ የተፈጥሮ ጋዝ ያቃጥላሉ፣ ስለዚህ ንጹህ ማከማቻ አትላቸውም። የቀለጠ ጨው አለ፣ የጸሃይን ሙቀት በ565 ዲግሪ ይዞ ማታ እንፋሎት ያፈላል፣ ጥሩ ነው፣ ግን ከ220 ዲግሪ አካባቢ በታች ከወረደ ቧንቧው ውስጥ ይረጋብሃል፣ ከዛ በኋላ ያለው ስራ አይወራም። ሃይሉን በታንክ ውስጥ ባለ ፈሳሽ የሚይዝ የቫናዲየም ፍሎው ባትሪ አለ፣ ቻይና ዳልያን ላይ በ2022 ባለ 100 ሜጋዋት በ400 ሜጋዋት ሰአት ስራ ጀምሯል፣ ፈሳሹ ስለማይቃጠልና ታንኩን ብቻ አሳድገህ ሰአቱን መጨመር ስለምትችል ሃሳቡን እወደዋለሁ፣ የቫናዲየም ዋጋ ግን እንደ ልቡ ነው። ሶዲየም ባትሪም እየመጣ ነው፣ እሱ ሊቲየሙን የሚተካው በዋጋ ነው እንጂ በሰአት ርዝመት አይደለም።

ሌላ የረሳኸው ነገር፣ ግሪድ የሚፈልገው ሃይል ብቻ አይደለም። የጋዝና የከሰል ጣቢያ ውስጥ በመቶ ቶን የሚመዘን ብረት በ50 ወይ በ60 ኸርዝ ልክ ይሽከረከራል፣ አንድ ጣቢያ ድንገት ሲወድቅ የዚህ ብረት መሽከርከር ግሪዱን ለጥቂት ሰከንዶች ይዞ ያቆየዋል። ሶላርና ባትሪ የሚገናኙት በኢንቨርተር ነው፣ ኢንቨርተር ውስጥ ሚሽከረከር ነገር የለም፣ ብዙዎቹ ደሞ የግሪዱን ሞገድ አይተው የሚከተሉ ናቸው። ሁሉም ተከታይ ከሆነ ማን ይመራል? ሞገዱን ራሳቸው የሚፈጥሩ ኢንቨርተሮች አሁን አሉ፣ እየተተከሉም ነው፣ ባትሪ ለዚህ ስራ በጣም ይመቻል፣ ግን የአጭር ዙር ከረንታቸው (መስመር ሲነካካ የሚለቁት) ትንሽ ስለሆነ የድሮዎቹ ፕሮቴክሽን ሪሌዎች (ብልሽት ሲያዩ መስመሩን የሚያስቆርጡት) ብልሽቱን ላያዩት ይችላሉ፣ የግሪዱ ሴቲንግ በሙሉ እንደገና መሰላት አለበት። ይሄ የሚያልቀው ግን በአመታት ነው።

ታዲያ ፍላጎት ነው ወይ የጎደለው? ከፊል። ቴክኖሎጂው ለሰከንዱም ለማታውም አለ። ለሳምንቱና ለወቅቱ የጎደለው ስራ ፈቶ ለሚጠብቅ ነገር የሚከፍል ሰው ነው፣ ገበያው የሚከፍለው ለተሸጠ ኪሎዋት ሰአት ስለሆነ። አገሮች ለመጠባበቂያ አቅም ብቻ የሚከፍል ውል ማዘጋጀት ጀምረዋል፣ ያ ሲኖር ግን በብዙ ቦታ በጣም ርካሹ ተጫራች ማን እንደሆነ ታውቃለህ? ቀድሞ የተሰራ፣ እዳው ያለቀ የጋዝ ጣቢያ። በአመት 200 ሰአት ብቻ ከሰራ የሚያወጣው ጭስ ድሮ ያወጣ ከነበረው በጣም ጥቂት ነው፣ እና እኔ ጣቢያውን ከማፍረስ ይልቅ እየቀነሱ ማቆየት ይሻላል ከሚሉት ነኝ፣ የስራ ባልደረቦቼ ግማሾቹ በዚህ አይስማሙም።

ከዛ በፊት ደሞ ማከማቻ የማይባሉ ግን ማከማቻ የሚቀንሱ ነገሮች አሉ። ረጅም መስመር አንዱ ነው፣ ኖርዌይ ግድቦቿ ውስጥ ከ80 ቴራዋት ሰአት (80,000 ጊጋዋት ሰአት) በላይ የሚሆን ውሃ መያዝ ትችላለች፣ በ2021 ስራ በጀመረው 1,400 ሜጋዋት የባህር ስር ኬብል ከጀርመን ጋር ተያይዛለች። ጀርመን ላይ ነፋሱ ሲበረታ ኖርዌይ ርካሹን ትገዛና ተርባይኗን ዘግታ ውሃዋን ታስቀምጣለች፣ ሲጠፋ መልሳ ትሸጣለች፣ አንድ ጠብታ ውሃ ወደ ላይ ሳይገፋ። ሌላው ሶላርና ነፋሱን ከሚያስፈልገው አብዝቶ መትከልና ትርፉን መጣል ነው። ሰው «ብክነት!» ብሎ ይጮሃል፣ ግን ፓኔሉ ርካሽ ከሆነ በአመት 20 በመቶውን መጣል በአመት አንዴ የሚሰራ ባትሪ ከመግዛት በብዙ ይረክሳል።

የኮንክሪቱ ቪዲዮ፦ ፊዚክሱ ውሸት የለበትም፣ ግን ሂሳቡን ስራው። አንድ ቶን 100 ሜትር ብታነሳ 0.27 ኪሎዋት ሰአት ነው። 35 ቶን ብሎክ 9.5። ያቺን ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ለማከል 520 ምናምን ብሎክ፣ ከ18,000 ቶን በላይ ኮንክሪት፣ እያንዳንዱ ሙሉውን 100 ሜትር መውጣት አለበት፣ ተደራርበው ሲቀመጡ ደሞ ሁሉም ሙሉውን ከፍታ አያገኝም። የውሃ ማከማቻ የሚያዋጣው ተራራው ቀድሞ ስለቆመና ውሃ በቧንቧ ስለሚፈስ ነው፣ እዚህ ግን ተራራውን አንተ ነህ ምትገነባው። ቻይና ሩዶንግ ላይ አንዱን በእርግጥ ሰርተውታል፣ ከ100 ሜትር በላይ የሚቆም ህንጻ ነው፣ 25 ሜጋዋት በ100 ሜጋዋት ሰአት። በባትሪ ቢሆን 20 ኮንቴይነር ማለት ነው። ብሎኩ እንደ ባትሪ አያረጅም ይላሉ፣ እሱ እውነት ነው፣ ገመዱ፣ ሞተሩና ፑሊው ግን ያረጃሉ፣ ስለ ጥገናቸው ቪዲዮው ምንም አይልም።